ሻንዲን የምትሮጥበት መንገድ

ለታላቋ እኅቴ ለኤርነስቲን፤

እታለም፣ እንዴት ነሽ? ከረምሽ ወይ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ ወይስ አሁንም እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል? ያ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሙቀቱ በጋ ሲሆን ይብሳል ትዪ ነበር፤ ዘንድሮ ማራገቢያ አስገቡላችሁ? ሎሪንዳ ልጅሽ፣ ልጃችን ማለቴ ነው፣ አዲሱ ሥራዋ ተስማማት? ሻንዲንስ? ቁመቷ የእናቷን ትከሻ አለፈ ብለሽኝ እንዴት እንደሳቅሁ! ባለፈው ስትመጣ ከእማዬ ፍየል ጀርባ መደበቅ የምትችል ነበረች እኮ።

እኛ ሁላችን አለን። እማዬ ትበላለች፣ ትቆጣለች፤ ስትቆጣ ደግሞ ደህና ናት ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። አልቪን ባሌ ወገቡን ያመዋል፣ ግን ፈረስ ላይ ሲወጣ ይረሳዋል። እኔ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ አውቶቡሱን አስረክቤ እግሬን እያፍታታሁ ነው። ዝናብ የለም። ያንን እንኳ ለምደነዋል።

ባለፈው እሑድ ስደውልልሽ “ድምፅሽ ልክ አይደለም” ብለሽ ሁለት ጊዜ ጠየቅሽኝ፤ እኔም ጉንፋን ነው አልኩሽ። ጉንፋን አልነበረም፣ እታለም። ፈርቼ ነው። ክፉ ነገር በአፍ አይጠራም፣ የጠሩት ሰምቶ ይመጣል ተብለን ነው ያደግነው፤ በስልክ ልነግርሽ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ወረቀት ጆሮ የለውም ብዬ ነው አሁን የደፈርኩት። አንቺም በዓይንሽ ብቻ አንብቢው፤ ድምፅ አውጥተሽ እንዳታነቢው አደራሽን።

ነገሩ የሻንዲን የሴትነት ሥርዓት ነው። በጁላይ መጨረሻ ይዣት እመጣለሁ፣ ሴት ሆናለችና አራቱን ቀን እዚህ በእማዬ ቤት ታድርግ ካልሽን ጀምሮ እኮ እዚህ ሌላ ወሬ የለም። እማዬ በቆሎውን ለይታ አስቀምጣለች። የበቆሎ ኬኩ የሚጋገርበትን ጉድጓድ ሳይቀር፣ እዚህ ጋ ነው የምንቆፍረው ብላ ድንጋይ አኑራበታለች። እኔም ልጅቱ በአራቱ ቀን ከጎሕ በፊት የምትሮጥበትን መንገድ ላጽዳ፣ እሾሁንና ጠርሙስ ስባሪውን ላንሣ ብዬ ወጣሁ። የቤቱ በር ወደ ምሥራቅ ነው፤ ሩጫውም ወደ ምሥራቅ ነው። ምሥራቅ ደግሞ አምባው አለ፣ የድሮዎቹ የዩራኒየም ጉድጓዶች ያሉበት። አንቺም እኔም በተራችን በዚያው ሮጠናል፣ ጉዳዩን ማንም አላነሣውም ነበር።

መንገዱን ሳጸዳ ሌስተር በፒካፑ መጣ። የአባታችን እኅት ልጅ ሌስተር ጾሲ፣ ያ ቀልደኛው። ቀበሌው የተዘጉትንና ክፍት የቀሩትን ጉድጓዶች ቆጥረህ ጻፍ ብሎ የጨረር መለኪያ ሰጥቶታል። ከኪስ ራዲዮ የማትበልጥ ጥቁር ነገር ናት፤ በእጅ ትያዛለች፣ መስኮቷ ላይ ቁጥር አለ፣ እንደሚንጠባጠብ ቧንቧም ጢቅ... ጢቅ... ትላለች። እኔ ልጅ ሆኜ በግ ያገድኩበት ስለሆነ የጉድጓዶቹን መንገድ አሳዪኝ አለኝ።

“በርናዲን፣ አውቶቡስ ላይ ተቀምጠሽ ተቀምጠሽ ሰፍተሻል፤ ተራራው ይችልሻል ግን?” አለኝ።

“አንተን የቻለ ተራራ እኔ አልከብደውም። ደግሞ ሚስት እምቢ ስትልህ ሣጥን አገባህ አሉ፤ እንኳን ደስ አለህ” አልኩት።

“ይቺ ቢያንስ የምትጮኸው ምክንያት ሲኖራት ነው” አለና እየሳቅን ወጣን።

መንገዱ ላይ ቁጥሯ አሥራ አራት ነበር። ሌስተር ምንም አይደለም፣ መሬት ሁልጊዜ ትንሽ ትንሽ ታወራለች አለኝ። ወደ አምባው ስንጠጋ ሠላሳ፣ ከዚያ ስድሳ። የመጀመሪያው ጉድጓድ በድንጋይና በሲሚንቶ ተዘግቷል። ሁለተኛው ግን አጥሩ ወድቆ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ደጃፉ ላይ ትኩስ የበግ በጠጥ አየሁ፤ የእማዬ በጎች ናቸው፣ ቀትር ላይ እዚያ ይጠለላሉ። ከውስጥ ቀዝቃዛ አየር ይተነፍሳል። በዚያ ሐሩር ፊቴን ሲነካኝ ደስ አለኝ፤ ይበልጥ ያስፈራኝም ደስ ማለቱ ነው። አንድ እርምጃ ልግባ አልኩ ሳላስበው።

ያኔ መሣሪያዋ አበደች። ጢቅ ጢቁ ተያያዘ፣ እንደ ፈንዲሻ ተንጣጣ፣ በኋላም መለየት አቃተን፣ አንድ ረጅም ጩኸት ሆነ። ቁጥሩ ከሺሕ አለፈ። እታለም፣ እዚያ ቦታ ምንም አይታይም እኮ! ጭስ የለም፣ ሽታ የለም፣ እንሽላሊቷ እንኳ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ዓይኔ ምንም የለም ይለኛል፣ ጆሮዬ ሩጪ ይለኛል። ሌስተርን አየሁት፤ በቀብር ላይ እንኳ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ከንፈሩ ደርቋል። “አንድ ደቂቃ፤ ጽፌ እንወርዳለን፤ ምንም ነገር እንዳትነኪ” አለኝ።

እሱ ሲጽፍ እኔ ከጉድጓዱ የወጣውን የድንጋይ ክምር አየሁ። በቢላ የተቆረጠ የሚመስል ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። የክምሩ አንድ ጎን ጎድሏል፤ ሰው ደህና ደህናውን መርጦ እንደወሰደ ያስታውቃል። “ከዚህ ደግሞ ማን ነው የወሰደው? ይኼንንም መጻፍ አለብኝ” አለ ሌስተር። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ግራጫ ድንጋይ፣ መሐሉ ላይ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ የሆነ ቀጭን መስመር ያለበት።

አወቅሽው አይደል?

ቅዳሜ ቅዳሜ አባታችን፣ ያለፈ ሰው ነውና ስሙን አልጠራም፣ ከጉድጓዱ ሥራ ሲመለስ በፒካፑ ሁለት ሦስቱን ይዞ ይመጣ አልነበር? “ተጠርቦ የተቀመጠ ድንጋይ በነፃ! ልጆቼ አፈር ላይ አይተኙም!” እያለ በደስታ ወለሉን ያነጠፈበት ነው። በእርጥብ ጨርቅ ስንወለውለው ቢጫው መስመር እንዴት ያበራ ነበር! አንቺ ከፍራሽሽ ሥር ያለውን “የኔ ወንዝ” ብለሽው እንቅልፍ እስኪወስድሽ በጣትሽ ትከተይው ነበር። ለሌስተር ምንም አላልኩትም። “እማዬ ቤት ሄደን ምሳ እንብላ” ብቻ አልኩት።

እማዬ የበግ ሾርባዋን እያማሰለች ነበር። ሌስተር መሣሪያዋን ሳያጠፋት ወገቡ ላይ እንደሰካት በሩን አልፎ ገባ። ገና ሁለት እርምጃ ሳይራመድ ጀመረች።

“ያ ጢንዚዛህ ራበው እንዴ? አንድ አጥንት ጣልለት” አለች እማዬ።

ሌስተር ሊያጠፋት እጁን ሲሰድ ተዋት አልኩት። ወለሉ ላይ እያስጠጋ በቀኝ በኩል ዞረ። በሩ ጋ መቶ ሰማንያ። ምድጃው ጋ ሁለት መቶ ስልሳ። በሩን ፊት ለፊት በሚያየው በምዕራቡ ግድግዳ ሥር፣ እኛ በተኛንበት፣ ልጅቱም አራቱን ቀን በምትተኛበት ቦታ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት። ሌስተር ቀና ብሎ አየኝ። ክምሩን ማን እንዳጎደለው ያኔ ገባው፤ ወረቀቱን አወጣ፣ ግን ሳይጽፍ አጥፎ ኪሱ መለሰው።

እማዬ ነገሩ ያልገባት እንዳይመስልሽ፤ ፊቴን አይታ ሁሉንም አውቃለች። ወደ ውጭ ወጣችና ደጃፉ ላይ ባለው የጥላ ዳስ ሥር ቆማ “እስቲ እኔን ጠይቀው፣ ምን ይለኛል?” አለች ለሌስተር። ደረቷ ላይ አስጠጋላት። አሥራ አምስት።

“አያችሁ? ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፣ እኔ ዝም ብያለሁ። የሚለፈልፈው ድንጋዩ ነው። ልፍለፋ ደግሞ ሰው አይገድልም፤ ቢገድል የሌስተር እናት እስካሁን ባልኖረችም።”

“አክስቴ፣ እናቴን ተያት፤ ነገሩ እኮ...” አለ ሌስተር።

“ነገሩን እንዳትጨርሰው!” አለችው። አልጨረሰውም።

ከዚያ ወደኔ ዞረች። “አባትሽ በበረዶ ወቅት፣ ሳሉ አላስተኛው ሲል፣ አውጡኝ አለ። ውስጡ ካለፍኩ ሰው አይገባበትምና ቤቱ ባዶ ይቀራል፣ ሴት ልጆቼ ቤት ያጣሉ አለ። ከጥድ ቅርንጫፍ ዳስ ሠርተን ውጭ አስተኛነው። ሦስት ቀን። ቤቱ ቤት ሆኖ እንዲቆይ ሲል በረዶ ላይ ነው ያለፈው። አንቺ አሁን የእሱን ወለል በዚህ ጢንዚዛ ታስከስሺብኛለሽ? ልጅቱ እናንተ በተኛችሁበት ትተኛለች። አለቀ።”

ምን ልበላት? ሐኪም ቢሆን በግልጽ ይናገራል፤ እንዲህ ትሆናለች፣ እንዲያ ይይዛታል ይላል። እኔ ግን እናቴ ፊት በሻንዲን ላይ እንዲህ ያለ ቃል ላወጣ አልችልም፤ ራሴ የረገምኳት ያህል ነው። ባልናገርም ደግሞ ልጅቱ እዚያ ልትተኛ ነው። ያን ከሰዓት ሳህን ሳጥብ አንዱን ሰበርኩ። ሌስተር መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። በመጨረሻ ጀርባዬን እንደሰጠኋት እንዲህ አልኳት።

“እማዬ፣ አንዲት በግ ያላት ሴትዮ ብትኖር።”

ማንኪያዋ ሳህኗን ሲጭር ይሰማኛል።

“በረቷ የድሮ ነው፣ ጥሩ በረት ነው፣ ባሏ ነው የሠራላት። ግን ከሥሩ የማይታይ ነገር አለ አሏት። ትልልቆቹ በጎች ለምደውታል፣ ምንም አይሉም። አሁን ደግሞ ከሩቅ አንዲት ግልገል ልትመጣላት ነው። ሴትዮዋ እዚያ ታሳድራት ነበር?”

“ስለ በግ ነው የምታወሪው?” አለች።

“ስለ በግ ነው።”

“የግልገሏ አያት የት ናት?”

“ሩቅ ናት፤ የሰው አንሶላ ታጥባለች። በሴትዮዋ ተማምና ነው የምትልካት።”

ሾርባውን ጨልጣ ጠጣችና በጎቿን ልታያቸው ወጣች። እኔ ሌስተርን ሸኝቼ እዚያው ቀረሁ፤ ሙቀት ነው ብዬ አልጋዋን ዳሱ ሥር አወጣሁት። ውጭ መተኛቷን እንኳ እሺ አለች፣ ከዚያ በላይ ተስፋ አላደረግሁም።

ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ የቀሰቀሰኝ የዶማ ድምፅ ነው። አልጋዋ ባዶ ነው። ከቤቱ ጀርባ ዞሬ ስሮጥ እማዬን ሰሜኑን ግድግዳ ስትንደው አገኘኋት። ሻሿን ጠምጥማ፣ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ አቧራው ነጭ አድርጓታል። እታለም፣ ታውቂዋለሽ፤ ሰሜን የሚከፈተው ውስጡ ሰው ለሞተበት ቤት ነው፤ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ማንም አይገባበትም።

“እማዬ! ማን ሞተ?” ብዬ ጮህኩ።

“ማንም” አለች፣ ዶማዋን ሳታስቀምጥ። “አንድ ሰው እስኪሞትበት ነው እንዴ የምጠብቀው?”

“ምን ትገተሪያለሽ፣ እጄ ዝሏል፤ ተቀበዪኝ” አለች። ተቀበልኳት። አባታችን በረዶ ላይ ተኝቶ ያተረፈውን ቤት በገዛ እጄ ሰረሰርኩት። ዓይኔን እንባ ይሙላው አቧራ እስካሁን አላውቅም። ሽመና መሥሪያዋን፣ ድስቶቿን፣ ያንን የቆርቆሮ ሣጥኗን አወጣን፤ ሌስተር ሲመጣ እያንዳንዱን ለካልን። የምትተኛበት የበግ ቆዳ ዘጠና አለ። እማዬ ነጥቃን ወስዳ በተከፈተው ግድግዳ መልሳ ወረወረችው። “ሂድ፣ ከጓደኛህ ከድንጋዩ ጋር ተኛ” አለችው።

አሁን እኛ ጋ፣ ተጎታች ቤታችን ውስጥ ናት፤ አልቪንን ስለ ወጡ ጨው እያስጨነቀችው ነው። በጎቹን ወደኛ በረት አዛወርናቸው፣ ሌስተርም ለሁለተኛው ጉድጓድ አጥር ጠይቋል። ግን ተጎታች ቤት ለሥርዓቱ አይሆንም፤ ክብ ቤት ያስፈልጋል። የአልቪን ወንድሞች ግንድ እየቆረጡልን ነው፤ እስክትመጡ ይደርሳል። ቦታውን ስንፈልግ ደግሞ እማዬ ፒካፑ ውስጥ ፊት ተቀምጣ፣ ጢንዚዛዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ራሷ ነው የምትሰማው።

የነፋስ ፓምፑ አጠገብ አሥራ ሦስት አለ። ውኃ ቅርብ፣ መሬቱ ለጥ ያለ። እኔና ሌስተር ደስ ብሎን ካስማ ልንተክል ስንል እማዬ ከመኪናው ሳትወርድ “ስንት ያስሮጣል?” አለች።

አልገባንም።

“ከዚህ ወደ ምሥራቅ እስኪናገር ስንት እርምጃ ነው? ሂዱ ቁጠሩ።”

ቆጠርን። አምስት መቶ ሃያ እርምጃ ላይ ከአምባው የወረደው ደለል ይጀምራል፤ ቁጥሩ አርባ ገባ። ተመልሰን ስንነግራት ራሷን ነቀነቀች። “በመጀመሪያው ቀን እዚያ ትደርሳለች። በሁለተኛው ቀን ከዚያ ማለፍ የለባትም? በአራተኛውስ? ልጅ በየቀኑ ካለፈው አርቃ ካልሮጠች ምኑን ሮጠች? በገመድ ላስራት? ንዳ!” አለችው ሌስተርን። ሁለተኛውን ቦታም እንደዚሁ ጣለችው። በስተመጨረሻ ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ ከአልቪን እናት የግጦሽ መሬት ጥግ፣ ያ ብቻውን የቆመው ጥድ ጋ ደረስን። ውኃ በበርሜል ማመላለስ ሊኖርብን ነው። አሥራ ሁለት አለ። እማዬ ወረደች፣ ከጥዱ ጀርባ ቆመች፣ “አሁን አንቺ ሩጪ” አለችኝ።

ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ እታለም። መሣሪያዋን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ሌስተር በመኪና እየተከተለ “አውቶቡሷ ተነሣች፣ መንገድ ልቀቁ!” እያለ ሲስቅብኝ ሮጥኩ። እማዬ ከኋላ “ገና ነው! ገና ነው!” ትላለች። ደለሉ እስኪጀምርና መሣሪያዋ እስክትናገር ሁለት ሺሕ አንድ መቶ እርምጃ ሄድኩ። እዚያ ወድቄ ተቀመጥኩና ትንፋሼን ስሰበስብ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ። ፍርሃቱ ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም፤ ነፋስ ሲነሣ አቧራው ከየት ነው የመጣው እላለሁ፣ እማዬ ስታስል እቆጥራለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ በቀስታ ነው የምጽፈው። እዚያ ወለል ላይ ሁለት እኅትማማቾች ለአሥራ ምናምን ዓመት ተኝተዋል። ታናሽዋ ሐሙስ ሺፕሮክ ሆስፒታል ሽንቷንና ደሟን ልታስመረምር ቀጠሮ ይዛለች። ታላቅዋ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምትሠራው፤ አንሶላቸውን ስታጥብ ከምትውል አንድ ቀን ወደ ሐኪሞቹ ፎቅ ብትወጣ ምናለበት? ከዚህ በላይ አልልም።

ሎሪንዳን በጣም አድርገሽ ሳሚልኝ፤ ሻንጣ ውስጥ ሹራብ አትርሳ፣ እዚህ ጎሕ ሲቀድ ይበርዳል። ለባሏ ለዳረል፣ የኬኩን ሊጥ የሚያማስል ብርቱ ክንድ እንፈልጋለንና ከወዲሁ ይለማመድ በይው። ትንሹን ዋይለንን ሁለቱን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ጥርሱ ወለቀ አሉኝ። ጎረቤትሽን ሚስስ ኦርሎስኪንም እጅ ነሺልኝ፤ የላከችው መርፌና ክር ለእማዬ ደርሷል፣ ወዳዋለች። እማዬ ደግሞ ለሁላችሁ፣ ብሉ፣ ተኙ፣ አትጣሉ ብላችኋለች።

ለሻንዲን ግን ይህን ለብቻዋ ንገሪያት። ከመሮጥ እንዳትሰጋ፤ መንገዱን ሄጄበታለሁ፣ እያንዳንዱን እርምጃ አስለክቼዋለሁ። ንጹሕ ነው። በመጀመሪያው ቀን የፈለገችውን ያህል ትሩጥ፣ በሁለተኛው ጨምራ፣ በሦስተኛው ጨምራ። በአራተኛው ቀን ሰው ሁሉ ከኋላዋ እየጮኸ ሲያሯሩጣት ሩቅ ላይ አንዲት ወፍራም ሴት ቀይ ሻሽ እያውለበለበች ቆማ ታያለች። እኔ ነኝ። የምትሮጠውን ልጅ ማንም ማለፍ የለበትም፤ ቀድሞ መቆም ግን ማለፍ አይደለም፣ እማዬ ፈቅዳልኛለች። እኔ ጋ ስትደርስ ትዙር። ሰው ሁሉ ቀጥዪ ቢላት እንኳ ከእኔ አንዲት እርምጃ አትለፍ፤ ከዚያ የቀረውን ዕድሜዋን ሙሉ ትሩጥ።

ታናሽሽ በርናዲን

ድርብ ጥድ፣ አሪዞና
ጁን 19 ቀን 2011